ከ«ጀ» እስከ «ጄ»

የመጣሁ ለታ ነው፣ ከቢቸና ወጥቸ፣
ፌስታል ሙሉ ሽንብራ ከደረቴ አስጠግቸ፣
«ቱሉ ዲምቱ ድረስ እንደት ነው ሚኬደው?»
ብየ ብጠይቀው፣
የታክሲው ረዳት ቃሌን ቀማኝና
«እንደት! እንደት!» እያለ
እንደ መልስ ሳንቲም ለወንበሩ ሁሉ አደለው።
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤
ግን ዘግይቸ ነበር፣
ምን እንዳሳቃቸው ገና እየፈለግሁ።

ቀን ቀን ኮብልስቶን፣ ማታ ማታ አፌን
እጠርብ ጀመርሁ፤
በቆርቆሮው አጥር ተከልየ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
እንዴት። እንዴት። እንዴት።
ማዕዘኑ እስኪስተካከልለት።
ጫፉ ወጣ ካለ መታ መታ አደርገዋለሁ፣
ብናኙን ጠዋት ላይ ከአክታ ጋር እተፋለሁ።
«ሂዶ» ሄዶ ቀረ።
«ሁኖ»ም ሆነለት።
«ልጀ»ን ብቻ ዘለልሁት፤
ያኔ ልጅ አልነበረኝም፣
ለማን ብየ ልጥረበው፣ ተውሁት።

አንድ ማታ «ጠረብሁ» ብየ ተኛሁ፣
ጠዋት «ጠረብኩ» ብዬ ነቃሁ።
የነገረኝ የለም።
(ከዚህ ወዲያ የምጽፈውም በዚያኛው አፍ ነው፤ ይታያል።)
እናቴ ናት የሰማችው፣ ለፋሲካ ስደውል፤
«አንተ ማን ነህ ልጀ? ይበልጣልን ስጠው»
አለችው፣ ይበልጣልን።

በሳምንት አንዴ ውሃ በቦቴ ሲመጣ፣
ብሎክ ሠላሳ ሁለት ከነጀሪካኑ ሲወጣ፣
የወረኢሉዋ መዲና ሰልፉን እያየች
«አብሽር» ትለኛለች፣ «ይደርስሃል» እያለች።
ቃሏን አልለመንኳት፣ እሷም አላበደረችኝም፤
ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ ለቆመ ልጅ
ከአፌ ሾልኮ ወጣ፣ «አብሽር!»
ልጁ ለእናቱ አላት፤ እናቱ ከቸሃ ናት፤
እሷ ለማን እንዳለችው
ከዚያ ወዲያ አልተከተልኩት።

ጋሽ ደቻሳ ደግሞ፣ ብሎኩ ሳይቆም በፊት
ጤፉን ያጭድ የነበረው እዚሁ መሬት ላይ፣
ዛሬ የሰው መኪና የሚጠብቅበት፣
አንድ ቀን በከዘራው ማዶ እያመለከተ
«ቱሉ፣ ያ ነው፤ ኮረብታ። ዲምቱ፣ ቀይ።»
ዐሥራ ሁለት ዓመት ይህን ስም
እንደ ታክሲ ተሳፈርኩበት እንጂ
መቼ ቀና ብዬ አየሁት፣
ኮረብታው ቀይ ነበር ወይ?
«ቶሌ» አልኩት፣ አፍሬ።
ይኸው እስካሁን ቶሌ ነኝ፤
ለኪራዩም፣ ለሚስቴም፣ ለአለቃዬም።

እሱ ከኔ የወሰደውን ግን
ያወቅኩት በቅርቡ ነው።
አማርኛ የለመደው ከኛ ነበር፣ ከጠራቢዎች፣
ያኔ፣ መሠረቱ ሲቆፈር፣
ገና ሳንታረም፣ ሳናፍር።
ጠዋት ጠዋት ከበሩ ቁጭ ብሎ
«ይበልጣል፣ እንደት አደርህ?» ይለኛል፤
እኔ የጣልኩትን አንስቶ፣
አቧራውን አራግፎ፣
እንደ ራሱ ዕቃ ይዞታል።

ሚያዝያ ላይ ኤልዳናን ትኩሳት ጣላት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ባጃጅ የለም።
አቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያው ስሮጥ
አፌ ጠረባውን ሁሉ ረስቶ
ልጀ። ልጀ። ልጀ።
መዶሻ ያልነካው ድንጋይ ኖሮኛል ለካ፣ ታች፣
ከአገር እንደመጣ።
በሦስተኛው ቀን ሲሻላት
«አባ፣ ሌሊት ‹ልጀ› ስትል ነበር፤
ማን ናት እሷ?» አለችኝ።
«የድሮ ሰው» አልኳት።

ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትወጣ
ጋሽ ደቻሳ ከዱካው ተነሳ፤
«እንደት አደርሽ?» አላት፣
ቁርጥ የኔን አፍ፣ የቢቸናን።
«አብሽር ጋሽዬ፣ ተሽሎኛል፣ ቶሌ!»
ብላው ሄደች፣ ምሳ ዕቃዋን እያንቋቋች።
ማንም አልሳቀ።
ቆይቸ፣ እሷ ከታጠፈች ወዲያ፣
ብቻየን ሳቅሁ።